እጇ ያልደረሰ ልጅ

ቲቸር መንበረ በሠላሳ አራት ዓመት የመምህርነት ዘመኗ ጉቦ የሚባል ነገር ቀምሳ አታውቅም። ይህን የምትለው እሷ ብቻ አይደለችም፤ ያስተማረችበት እጃጂ ከተማ ሄዳችሁ ያገኛችሁትን ሰው ብትጠይቁ ይነግራችኋል። አንድ ገበሬ ዕድሜው ያልደረሰ ልጁን አንደኛ ክፍል እንድታስገባለት ሁለት ዶሮ አንጠልጥሎ መጣ። ዶሮዎቹን እዚያው ግቢ ውስጥ አስፈታችና "በል አሁን ያዛቸው! ይዘሃቸው ሂድ!" አለችው። ሰውየው እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ በአጥሩ ጥግ ሲሯሯጥ ዋለ፤ ልጁም የገባው በዓመቱ ነው።

መዝገብ ላይ ውሸት የጻፈችው እንግዲህ ይህችው ሴትዮ ናት። ያውም አንዴ አይደለም። ከውሸቶቿ አንዷ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አርፋ ተቀምጣ፣ በ2015 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት አምቦ ድረስ መጥታ በሯን አንኳኳች።

ውሸቷን ይዛ የመጣችው ጉዴ ናት። ጉዴ እጃጂ መንገድ ዳር ትንሽ ምግብ ቤት ያላት፣ የሃዋኒ እናት ናት። ሃዋኒ ደግሞ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ መንበረ ቤት የምትኖር ልጅ። ያኔ ጉዴ "ቲቸር፣ ቤት እስክንከራይላት ለአንድ ወር ያስጠጉልኝ" ብላ ነበር የሰጠቻት። አንዱ ወር ስድስት ዓመት ሆነ። መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ትምህርት ሲቋረጥና ሲቀጥል፣ ኮሮና ሲመጣና ሲሄድ፣ ልጅቷ እዚያው ሆና አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ፣ አሁን አምቦ ዩኒቨርሲቲ የነርሲንግ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ባል ያላገባችው፣ ልጅ ያልወለደችው መንበረ፣ ጡረታ ወጥታ አምቦ ስትገባ "እንግዲህ ብቻዬን ማርጀት ነው" ብላ ነበር። ይኸው ጠዋት ጠዋት "ቲቸር፣ መድኃኒትዎን ዋጡ?" የሚላት ሰው አገኘች። ሃዋኒ እናቷን በኦሮምኛ "ሐርሜ" ነው የምትለው። መንበረን ግን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ "ቲቸር" እንዳለቻት ቀረች።

ጉዴ ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች።

"ቲቸር፣ የኤምባሲው መልስ መጣ። ሃዋኒን አንቀበልም አሉ።"

"ምን አድርጋ?"

"አርጅታ!"

ነገሩ እንዲህ ነው። የሃዋኒ አባት፣ ልጅቷ አምስት ዓመት ሳይሞላት፣ ጌዶ መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦ ሞተ። ጉዴ ብዙ ዓመት ብቻዋን ከኖረች በኋላ ቀነዓ የሚባል የጌዶ ልጅ ከአሜሪካ መጥቶ ለትዳር ጠየቃት። ቀነዓ ሚኒሶታ የሚኖር፣ የአሜሪካ ዜግነት ያለው፣ ረጋ ብሎ ሕግ የሚያነብ ሰው ነው። ሃዋኒንም እንደ ልጁ አድርጎ ሊወስዳት ፈለገ። "የእንጀራ ልጅ እንደ ልጅ የምትቆጠርልኝ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላት ከተጋባን ብቻ ነው" አለ። ሃዋኒ የተወለደችው ሚያዝያ 1995 ስለሆነ ሚያዝያ 2013 ላይ አሥራ ስምንት ትደፍናለች። የጉዴ ወንድሞች "ከፋሲካ በኋላ ዘመድ አዝማድ ተጠርቶ፣ በወጉ ይሁን እንጂ" ቢሉ አሻፈረኝ አለ። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ቢሉትም "ትልቀም!" ብሎ፣ ጥር 2013 ላይ ሁለቱም ጭምብል አድርገው ማዘጋጃ ቤት ተፈራረሙ። በሦስት ወር ቀደሙ።

ታዲያ ምን ያደርጋል! ሃዋኒ የተወለደችው ቤት ውስጥ ነው፤ የሐኪም ካርድ የላትም። እነ ጉዴ ፕሮቴስታንት ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያናቸው ሕፃን ስለማያጠምቅ የክርስትና ወረቀትም የለ። የልደት ሰርተፊኬቷ የወጣው ካደገች በኋላ ነውና ኤምባሲው አላመነውም፤ ድሮ የተጻፈ ማስረጃ አምጡ አለ። ድሮ የተጻፈ ማስረጃ ቢባል ያለው እጃጂ፣ የተማረችበት ትምህርት ቤት የአንደኛ ክፍል መዝገብ ብቻ ነው። የመዝገቡ ኮፒ ተላከ። "ሃዋኒ፤ መስከረም 2001፤ ዕድሜ 7" ይላል። የኤምባሲው ሰዎች ከ2001 ላይ ሰባት ቀነሱ፤ 1994 መጣ። በዚህ ስሌት እናቷ ስትፈርም ልጅቷ አሥራ ስምንት አልፏታል፤ ስለዚህ ለቀነዓ የእንጀራ ልጁ አይደለችም፣ ምኑም አይደለችም። የጉዴ ቪዛ ተፈቅዷል። የሃዋኒ ፋይል ግን በስድሳ ቀን ውስጥ ሌላ ማስረጃ ካልቀረበ ይዘጋል።

"የመዘገቧት እርስዎ ነዎት፣ ቲቸር" አለች ጉዴ። "እኔ ከበር ውጭ ቆሜ ነበር። አምስት ዓመት ከመንፈቋ ነው ብዬ ነግሬዎታለሁ። ታዲያ ይሄ ሰባት ከየት መጣ?"

መንበረ ከመልሱ ጋር የተያያዘውን የመዝገቡን ኮፒ ወደ ዓይኗ አስጠጋች። የገዛ ጽሕፈቷን የማታውቅ እንዳይመስላችሁ። ቀና ስትል ሃዋኒን አየቻት። ልጅቷ ያጠበችውን የመንበረን ጋቢ ታቅፋ በሩን ተደግፋ ቆማለች።

"ኧረ ጉዴ፣ እኔ ስንቱን ልጅ ላስታውስ እችላለሁ?" አለች። "በዓመት ሰማንያ ልጅ! ረስቼዋለሁ።"

አልረሳችውም። እንዴት ትረሳዋለች!

በዚያ ዘመን የልደት ወረቀት ይዞ የሚመጣ ልጅ የለም። ወላጅ ዕድሜውን ሲጠየቅ "ያ ትልቁ በረዶ የጣለ ጊዜ" ይላል። ስለዚህ መለኪያው እጅ ነው። ልጁ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሻግሮ ግራ ጆሮውን መያዝ አለበት። ከያዘ ሰባት ሞልቶታል፤ ይመዘገባል። ካልያዘ፣ ወደ ቤቱ። ጉዴ ልጇን ይዛ የመጣችው ባሏ በሞተ በመንፈቁ ነው። ቀን ቀን ለድንጋይ ፈላጮች ውኃ ታመላልሳለች፤ ልጅቷን የሚይዝላት ሰው የላትም። የሃዋኒ ተራ ደርሶ ስትቆም መንበረ ቁርጭምጭሚቷ ላይ የገመድ ሰምበር አየች።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለቻት በኦሮምኛ።

"ሐርሜ ስትሄድ ከአልጋው ጋር ታስረኛለች። ወደ አስፋልቱ እንዳልወጣ።"

ይህን ያለችው እንደ ተራ ነገር ነው፤ ምንም አላለቀሰችም። እጇን በአናቷ ላይ አሻገረች። አልደረሰም፤ ጣቷ ከጆሮዋ በላይ ቀረ። የዚያን ጊዜው ርዕሰ መምህር ደግሞ በመስኮት ያያል። መንበረ ጎንበስ ብላ "ራስሽን ትንሽ ዘንበል አድርጊልኝ፣ የኔ ልጅ" ብላ ሹክ አለቻት። ሃዋኒ ዘንበል አደረገች፤ ጣቷ ጆሮዋን ነካ። "ደርሷል!" አለች መንበረ ጮክ ብላ፤ ሰባት ብላም ጻፈች።

ከዚያ ያደረገችውን ማንም አያውቅም። ቀይ እስክሪብቶዋን አንሥታ ከሃዋኒ ስም አጠገብ አንዲት ነጥብ አኖረች። ይህን የምታደርገው ለሃዋኒ ብቻ አልነበረም። በየዓመቱ እጃቸው ሳይደርስ፣ አንጀቷን በልተዋት የምታስገባቸው ጥቂት ልጆች አሉ፤ ለያንዳንዳቸው አንዳንድ ቀይ ነጥብ። መንበረ ቁጡ ናት፤ ማስመሪያዋም ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ስም እየጠራች ዓይኗ ነጥቧ ላይ ሲያርፍ ግን "ተይ መንበረ፣ ሰባት የተባለው ለወረቀት ነው። እውነቱ ሌላ ነው፤ አትጨክኚበት" ትላለች በሆዷ።

ኮፒ ማሽኑ ነጥቧን አላወጣትም። የነጥቧን ትርጉም የምታውቅ ደግሞ በዚህ ዓለም አንድ ሰው ብቻ ናት፤ እሷም ረሳሁ አለች።

ለምን? እውነቱን እንነጋገር፤ ሃዋኒ እንድትቀርላት ነው። ሴትዮዋ ክፉ ሆና አይደለም። ስድሳ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏል፣ ማታ በር ሲንኳኳ "ማነው?" የሚልላት ሰው ከስድስት ዓመት በፊት አልነበራትም። "እኔ ምን አደረግሁ? ኤምባሲው ነው ያለው" አለች ለራሷ። "ዝም አይነቅዝም" አለች ደግሞ።

በማግስቱ ሃዋኒ ራሷ "ይሁን ቲቸር፣ እዚሁ ከእርስዎ ጋር እሆናለሁ። ጉልበትዎንስ ማን ያሽልዎታል?" ስትላት መንበረ ደስ አላት። ደስታዋ ግን ሁለት ቀን አልቆየም። ጉዴ ከእጃጂ ደወለች። ልጇን ጥላ እንደማትሄድ ለቀነዓ ነግራዋለች። ቀነዓም "እሺ፣ ልክ ነሽ" አላት። ሁለት ዓመት ሙሉ ቤት ተከራይቶ፣ ለሃዋኒ የሚሆን አልጋ ገዝቶ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። ሃዋኒ ያን ቀን ከሰዓት ጓሮ ልብስ እያጠበች አለቀሰች። መንበረ በመስኮቱ አየቻት። "ደግ አድርጋ ታልቅስ፣ ይወጣላታል" ብላ ልትጨክን ሞከረች። አልሆነላትም።

በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ማለዳ እንደ ልማዳቸው ፍልውሃ ሄዱ። ሃዋኒ ጉልበቷን በሙቁ ውኃ ስታሽላት አጠገባቸው የተቀመጠች ሴት አየት አደረገቻቸው።

"ተባረኪ! ልጅዎ ናት?"

"አዎ፣ ልጄ ናት" አለች መንበረ፣ ደረቷን ነፍታ።

ሃዋኒ ሴትዮዋ እስክትሄድ ጠብቃ ሳቀች። ከዚያ ማሸቷን ሳታቆም "ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?" አለች። "ክፍል ውስጥ ሁሉንም በማስመሪያ ይሉ ነበር። እኔን ግን አንድ ቀን ነክተውኝ አያውቁም። ልጆቹ 'አንቺ የቲቸር ዘመድ ነሽ' ይሉኝ ነበር። እኔም አምኜ፣ ቲቸር ዘመዳችን ናት እንዴ ብዬ ሐርሜን ጠይቄያት ነበር። ለምን ነበር የማይመቱኝ?"

መንበረ ጉልበቷ ላይ ያለውን እጅ አየችው። ረጅም፣ ጠንካራ፣ የነርስ እጅ ሆኗል። ያኔ ከጆሮ በላይ የቀረው እጅ ይኸው ነው። እንባዋ መጣ።

"ምነው ቲቸር? አጥብቄ አሸሁ እንዴ? አመመዎት?"

"አዎ፣ አመመኝ። በይ ተነሺ፤ ልብሴን አቀብይኝ። እጃጂ እንሄዳለን።"

"አሁን?"

"አሁን! መዝገቡን አይጥ ሳይበላው።"

በመንገድ ላይ ሃዋኒ ምን ብትላት "እዚያ ስንደርስ" ከማለት በቀር አልተናገረችም። እጃጂ ደርሰው ጉዴን ከምግብ ቤቷ፣ ርዕሰ መምህሩን ሙለታን ደግሞ ከገበያ መሐል ጠሩ። ሙለታም የመንበረ ተማሪ የነበረ ሰው ነው።

"ቲቸር፣ ቅዳሜ እኮ ነው" አላት የገዛውን ጎመን እንደያዘ።

"አንተን ፊደል ለማስቆጠር ስንት ቅዳሜ መጥቻለሁ! ክፈት አልኩህ።"

የዕቃ ግምጃ ቤቱ ተከፈተ፤ የ2001 መዝገብ ከነአቧራው ወጣ። አንድ ጥጉን በእርግጥም አይጥ ቀምሶታል። መንበረ ገልጣ ገልጣ አርባ አንደኛው ስም ላይ ጣቷን አሳረፈች። ከስሙ አጠገብ ቀለሟ የደበዘዘ፣ ግን ቀይነቷ ያልጠፋ አንዲት ነጥብ አለች።

"ይህቺን አያችኋት? ያኖርኳት እኔ ነኝ። እጁ ላልደረሰ ልጅ ነው የማደርገው። ሃዋኒ እጇ አልደረሰም፤ ራስሽን ዘንበል አድርጊ ብዬ ነው ያስገባኋት። አምስት ዓመት ከመንፈቋ ነበር። ሰባት ብዬ የጻፍኩት ውሸት ነው።"

"እኔ ዝንብ ያረፈበት መስሎኝ" አለ ሙለታ። ገጾቹን ማገላበጥ ጀመረ። ከሰማንያ ሦስቱ ልጆች አሥራ አንዱ ነጥብ አላቸው። አንዱ ላይ ሲደርስ ቆመ። "ጋዲሳ! የአጎቴ ልጅ ጋዲሳ! እሱም አልደረሰም?"

"እሱማ ራሱን ቢያዘነብልም አልደረሰም። እጁን ጎትቼለት ነው።"

"ጋዲሳ እኮ ጤና ጣቢያ ነው የተወለደው፤ ካርድ አለው!" ሙለታ እዚያው ለአጎቱ ሚስት ደወለ። ካርዱ ከሣጥን ወጥቶ ተነበበ። ጋዲሳ መዝገቡ ሰባት ባለው ቀን ስድስት ዓመት እንኳ አልሞላውም። "እንግዲያው ነጥቧ እውነት ትናገራለች ማለት ነው" አለ ሙለታ። "ይህን በደብዳቤ እጽፋለሁ፤ የገጹን ባለ ቀለም ኮፒና የጋዲሳንም ካርድ አያይዛለሁ። ግን ቲቸር፣ እርስዎ ደግሞ በቃለ መሐላ መመስከር አለብዎት። መዝገብ ላይ ሐሰት ጻፍኩ ማለት ነው፤ ሊያስጠይቅዎት ይችላል።"

"ይጠይቁኝ! አፍ አለኝ አይደል?"

ጉዴ አሁን ወደ መንበረ ዞረች።

"የዚያን ቀን ቤትዎ መጥቼ ስጠይቅዎት ይህን ያውቁ ነበር?"

መንበረ መዋሸት ትችል ነበር። እዚያ አቧራ መሐል ቆማ፣ ሃዋኒ እያየቻት፣ ሦስተኛ ውሸት አስጠላት።

"አውቅ ነበር" አለች። "ልጅቷ እንድትቀርልኝ ፈልጌ ነው። ይቅር በዪኝ ጉዴ። ብቻዬን መሆን ፈርቼ ነው።"

ሃዋኒ ወደ መስኮቱ ዞራ ቆማለች። ጉዴ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ እየጠቀለለች ቆይታ ተናገረች።

"ቲቸር፣ እኔ ልጄን እንደ ጥጃ አስሬ እሄድ ነበር። የፈቱልኝ እርስዎ ነዎት። ምን አፍ አለኝ?"

"አሁን ደግሞ እኔው ላስራት ነበር" አለች መንበረ።

ሰኞ ጠዋት ሁለቱ፣ መንበረና ሃዋኒ፣ አምቦ የሰነድ ማረጋገጫ ቢሮ ገቡ። ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠችው ወጣት ቶሎ ቶሎ እየጠየቀች ትጽፋለች። ነጥቧን፣ እጁን፣ ዘንበል ማለቱን፣ ሁሉን ጻፈችው። ዘንበል ማለቱ ላይ ስትደርስ "እኔንም እንደዚያ ነው ያስገቡኝ!" ብላ ሳቀች። ከዚያ መልሳ ኮስተር አለች።

"ከባለጉዳይዋ ጋር ዝምድና አለዎት?"

"ምን?"

"ከሃዋኒ ጋር። የሥጋ ወይም የጋብቻ ዝምድና ካለዎት ለዘመዷ መሰከረች ተብሎ ምስክርነቱ ዋጋ ያጣል። የለኝም የሚለው መስመር የግድ መግባት አለበት።"

ሃዋኒ ከኋላ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች፤ መንበረ ወደሷ መዞር ፈራች። ልጅቷ አሥረኛ ክፍል ሳለች ታይፎይድ ይዟት ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ግንባሯን በእርጥብ ጨርቅ ስታበርድ የከረመችው ማን ሆነና! የመጀመሪያ የዩኒቨርሲቲ ውጤቷን ይዛ ከበር ጀምሮ እየጮኸች የመጣችው ለማን ሆነና! ወረቀቱ ግን የሚጠይቀው ይህን አይደለም።

"የለኝም" አለች።

"ጮክ ይበሉ እናቴ፣ አልሰማሁም።"

"የለኝም!"

ወጣቷ ሦስት ቅጂ አትማ ሰማያዊ እስክሪብቶ ሰጠቻት። መንበረ ሁለቱን ፈረመች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ መነጽሬን ልፈልግ ብላ ቦርሳዋን ስትበረብር ቆየች፤ ወጣቷ ማኅተሙን ስታዘጋጅ ጎንበስ ብላ ጨረሰች። ከቢሮው ወጥተው ባጃጅ ውስጥ ሃዋኒ ፊቷን ወደ ውጭ አዞረች።

"ምን አኮረፈሽ?" አለች መንበረ።

"አላኮረፍኩም፣ ቲቸር።"

ወረቀቶቹ ሄዱ። ጥሪ መጣ፣ ምርመራ ተደረገ፣ እንደገና መጠበቅ ሆነ። መንበረን ግን ማንም የጠየቃት የለም፤ ለጠያቂዎቿ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ሳይባል ቀረ። ግንቦት ላይ የሃዋኒ ፓስፖርት ቪዛ ተመትቶበት መጣ። ጉዴ እጃጂ ሆና እልል ስትል መንበረ በስልክ ሰማቻት። እሷም እልል አለች። ከዚያ ስልኩን ዘግታ፣ በር ቆልፋ አለቀሰች፤ ይህን ደግሞ እንዳትነግሩባት።

በሰኔ አጋማሽ አንድ ጠዋት አምቦ መናኸሪያ ዝናብ ያካፋል። ጉዴ ሻንጣዎቹን ይዛ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው መኪና ውስጥ ገብታለች። ሃዋኒ የመንበረን መድኃኒቶች በሰዓታቸው ከፋፍላ በየብልቃጡ ላይ ጽፋለች፤ የሠፈሯ ልጅ ሮሆቦት ቅዳሜ ቅዳሜ ፍልውሃ እንድትወስዳትም ተስማምታለች። ይህን ሁሉ ለሦስተኛ ጊዜ እየነገረቻት ነው።

"ሰማሁ አልኩሽ! ደንቆሮ ነኝ?" አለች መንበረ። "ግቢ፣ መኪናው ይሄድብሻል።"

ሃዋኒ አልገባችም። ከማኅደሯ አንድ ወረቀት አወጣች። ያ ሦስተኛው ቅጂ ነው።

"ትናንት ዶክመንት ሳደራጅ አየሁት" አለች። "ሁለቱን ኤምባሲው ወስዷል፤ ይሄኛው እኔ ጋ ቀርቷል።" ጣቷን መጨረሻው መስመር ላይ አኖረች። መስመሩ "ከባለጉዳይዋ ጋር ምንም ዓይነት ዝምድና የለኝም" ይላል። ከጎኑ አንዲት ነጥብ አለች።

"ቲቸር፣ ይህቺ ምንድን ናት?"

"ቀለም ነክቶት ይሆናል" አለች መንበረ፣ ወደ መኪናው እያየች።

"የቢሮው እስክሪብቶ ሰማያዊ ነበር። ይህቺ ቀይ ናት።"

"እንግዲያው ምን ትጠይቂኛለሽ? ትርጉሟን ታውቂው የለም!"

ሃዋኒ ወረቀቱን ዝናብ እንዳይነካው ጉያዋ ውስጥ ሸጎጠችና ሁለት እጇን አሻግራ አሮጊቷን አቀፈቻት። አንዱ እጅ ጀርባዋን ዞሮ እስከ ወዲያኛው ትከሻዋ ደረሰ። ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ።

"ሂጂ በይ" አለች መንበረ አንገቷ ሥር ሆና። "ሰው አታስጠብቂ።"